የአባ ዳማ አቀባበል

ተረት ተረት! የላም በረት።

እንስሳቱ አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን ጉና ሥር አንዲት ትንሽ መንጋ ነበረች። ጉናን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ሽቅብ የወጣው፣ አናቱ ላይ ጅብራና ጓሳ የሚበቅልበት የደቡብ ጎንደር ተራራ ነው። ከወገቡ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በምሥራቅና በደቡብ ያለው ምድር ግን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ይዞ፣ እየተቆራረሰ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ ይሰበራል። ጠዋት ብርድ አንቀጥቅጦት የተነሣ መንገደኛ ማታ ላቡን እየጠረገ የሚያድርበት አገር ነው።

ከአገሩ እንስሳ አብዛኛው የትልቁ መንጋ ነው። ትልቁ መንጋ ባለርስት ነው፤ ደብሩም መቃብሩም ጥላው ሰፊ ዋርካውም የሱ ነው። ትንሿ መንጋ በመካከሉ እዚህ ሁለት እዚያ ሦስት እየሆነች፣ ሜዳ ላይ እንደ ተበተነ እፍኝ ጥሬ ትኖራለች። እፍኟም አንድ ዓይነት አይደለችም። ጸጉረ ወፍራሟ የጋይንት በግ አለች፤ ገደል የማያስፈራት የስማዳ ፍየል አለች፤ የእስቴን የጤፍ ማሳ የሚያርሰው በሬ አለ። ከሩቅ ደግሞ የበለስ በረሃ ጅግሮች አሉ፤ ከባቲ ወዲያ የመጣች ግመል አለች። አህያ የትም አለች።

የሚገርመው ሁለቱ መንጋዎች የሚዘምሩት ዜማ አንድ መሆኑ ነው፤ ያው የያሬድ። ልዩነቱ ትንሿ መንጋ በመዝሙሩ መካከል ባሕር ማዶ የተቀመጡ የአንድ ሽማግሌ ስም ትጠራለች። በዚህች በአንዲት ስም የተነሣ ስንት ቀንድ እንደ ተሰበረ ኋላ አያ ኤሊ ይነግረናል።

የትንሿ መንጋ እረኛ የሚቀመጠው ሸገር ነበር። ደግ እረኛ ነው፤ ግን ሩቅ ነው። ጠቦት ታሞ መልእክት ሲላክ፣ መልእክተኛው ደርሶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ምላሹ ተጽፎ እስኪመለስ ድረስ ጠቦቱ አድጎ ሙክት ሆኖ ይጠብቀዋል። አንዳንዴም አይጠብቀውም። እንዲህ ሆነው ሲኖሩ፣ በጥምቀት ቀን፣ ታቦታቱ ወደ ውሃ ወርደው ባደሩበት ማግስት፣ ባሕር ማዶ ያሉት ሽማግሌ መስኩን ከፈሉት። «ከጣና ዳር እስከ ደሴ ያለው መስክ ራሱን ይቻል፤ የራሱ እረኛ ይኑረው» አሉ። ሸገር ውስጥ ከትልቁ እረኛ ጎን ሲያግዝ የኖረውን አንድ ዳማ በቅሎም ሾሙለት። ስሙ አባ ዳማ ነው።

ተረቱን ለአፍታ ላቁመው። ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የባሕር ዳር-ደሴን ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባው ከፍለው አቋቋሙ፤ በአዲስ አበባ ረዳት ጳጳስ የነበሩትን አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስንም የመጀመሪያው ጳጳስ አድርገው ሾሙ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥምቀት ነበር። መስኩም በእውነት ሰፊ ነው፤ አማርኛ፣ አዊኛ፣ ኽምጣና፣ ኦሮምኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ የሚነገርበት፣ ምእመኑ ግን በቁጥር ጥቂት የሆነ ሀገረ ስብከት ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴም እዚያው ውስጥ ናቸው። ይህን ያነሣሁት ተረቱ ከየት እንደ ተቆነጠረ እንዲታወቅ ያህል ነው። የእኔ በቅሎ እሳቸው አይደሉም፤ በቅሎው በቅሎ ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ኮሚቴም የማንም ኮሚቴ አይደለም። ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ አንባቢ ካለ ግን እጁን ያውጣ።

ወሬው በደረሰ ማግስት የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አያ በሬ፣ ጸሐፊዋ እመት ጦጢት፣ ገንዘብ ያዥዋ እመት በጊት። ስብሰባው ነፋስ መውጫ ላይ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ያጠረው ግማሹን ንግግር ነፋሱ ይዞት ስለ ሄደ ነው የሚሉ አሉ።

የመጀመሪያው ጉዳይ መዝሙር ነው። እመት በጊት ጉሮሮዋን ጠረገችና «በቤተልሔም ካልሆነ አንዘምርም» አለች። እውነቷን ነው። ቤተልሔም እዚያው ጋይንት ያለ የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ቆሎውን ቆርጥሞ፣ ዓመታት ተቀምጦ የሚመረቅበት። አያ በሬ ቀንዱን ነቀነቀ።

«ቆማ እያለ?»

እሱም እውነቱን ነው። ቆማ ፋሲለደስ እስቴ ነው፤ የራሱ የዜማ ስልት አለው፤ ተማሪውም የቆማን ከቤተልሔም ጋር አታምታቱብኝ ባይ ነው። «ዙር አምባስ?» ያለች አንዲት ጠቦት ነበረች። የዙር አምባው ዝማሬ መዋሥዕት የዛሬ አጀንዳ አይደለም ተብላ ተቀመጠች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራከሩ። በመጨረሻ የስማዳዋ እመት ፍየል ተነሥታ «ከሁለቱ ቶሎ የሚያልቀው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሁለቱም ወገን ተቆጣት። ስምምነቱ ሲገባ በቤተልሔም፣ ሲወጣ በቆማ ይዘመር የሚል ሆነ።

ጅግሮቹ ይህ ሁሉ ሲሆን ከዳር ቆመው ነበር። አንዷ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። የሰማት የለም፤ ማለት ድምፁን ሁሉም ሰምቷል። ኮሚቴው ስለ እነሱ የወሰነው እንዲህ ነው፦ ጅግሮች ነጠብጣብ ላባቸውን አበጥረው ከፊት ይሰለፉ፤ ክንፋቸውን ያርገብግቡ፤ መዝሙሩን ስለሚያበላሽ ድምፅ ግን አያሰሙ። እመት ጦጢት በቃለ ጉባኤው ላይ «ብዝኃነታችን በድምቀት ይታያል» ብላ ጻፈችው። ግመሏ ደግሞ በዳሱ ስለማትገባ አንገቷን ብቻ ታስገባ ተባለ።

ቀጥሎ ጽዳት። ሁሉም በእንዶድ ይታጠብ፤ የፍየል ሽታ፣ የበግ ሽታ፣ የበረት ሽታ እንዳይኖር፤ ዳሱም ቄጠማ ይጎዝጎዝ። ባሕር ማዶ ያሉት ሽማግሌ ገና በተሾሙ ሰሞን፣ በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ እረኛ የበጎቹ ጠረን ሊኖረው ይገባል ብለው ካህናቱን መክረው ነበር። ምክሩ ጉና ሥር አልደረሰም፤ እንዶዱ ቀደመው።

አህዮቹ የመጨረሻው አጀንዳ ላይ ነው የመጡት። እነሱም የመጡት እንደ ጉዳይ እንጂ እንደ ተሰብሳቢ አይደለም። ለበዓሉ የሚጠጣውን ውሃ፣ የሚበላውን ገብስ፣ የዳሱን ምሰሶ፣ የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ ከየሸለቆው ያወጡት እነሱ ናቸው። እንግዶቹ የሚቀመጡበት የተመቸ ነገር ሲጠፋ፣ እመት በጊት ዘዴ ዘየደች። አህዮቹ ከጭነታቸው በታች የሚደለድሉት አሮጌ ብርድ ልብስና ጭድ የሞላበት ጨርቅ ነበራቸው። እሱ ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ መቀመጫ ይሁን አለች። ሆነ። የቀረውን የሰባት ቀን ጭነት አህዮቹ በባዶ ጀርባ ላይ ተሸከሙት።

በስምንተኛው ቀን ጀርባቸው ገጠበ። ከሁሉ የባሰባት እመት አህዪት የምትባለው አሮጊቷ ነበረች። ቁስሉ ከትከሻዋ በታች ጀምሮ ሁለት መዳፍ ያህል ይሰፋል፤ ዳሩ ነጭ፣ መካከሉ ቀይ፤ የዳውላው ጠጉር ከመግሉ ጋር ደርቆ ስለ ተጣበቀ ሲያራግፏት ቆዳዋ አብሮ ይነሣል። ዝንቡን በጅራቷ መድረስ አትችልም፤ ቦታው ሩቅ ነው። እመት ጦጢት አይታ አፍንጫዋን ያዘች።

«በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ለእንግዳ አይታይም» አለች። «ጎተራው ጀርባ ይቆዩ። ምግባቸው እዚያው ይወሰድላቸዋል።»

ምግቡ ስለ መወሰዱ ቃለ ጉባኤው ዝም ይላል።

አያ ኤሊ ይህን ጊዜ አንገቱን አወጣ። ዕድሜው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ተራው እስኪሰጠውም ብዙ ቆይቷል።

«የአያቴ አያት የነገሩኝን ልንገራችሁ» አለ። «ባሕር ተሻግሮ አንድ እረኛ መጥቶ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በጥሩምባና በነጋሪት ተቀበሉት። እሱም ወዲያው በጎቹን ሰብስቦ ‹እስከ ዛሬ የጮኻችሁት አይቆጠርም፤ እንደ ገና ተጠመቁና ሀ ብላችሁ ጀምሩ› አላቸው። ጾማችሁ ተሳስቷል፣ በዓላችሁ ቀኑን ስቷል፣ ካህናታችሁ እንደ ገና ይካኑ አለ። መንጋው ተሰነጠቀ፤ ወይፈን አባቱን ወጋ። በመጨረሻ ንጉሡ የሬሳውን ብዛት አይተው፣ ዜማችሁ ይመለስላችሁ ብለው አዋጅ አስነግረው፣ ዘውዱን ለልጃቸው ተዉ። እረኛውም ተባረረ።

«ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ሌላ መጣ። ይኼኛው ቋንቋችንን ተማረ፤ በእኛው ሥርዓት ቀደሰ፤ የበላነውን በላ። ጥቂቶች ተከተሉት። እሱም ቢሆን ከሰንሰለት አላመለጠም፤ አንዱ ደቀ መዝሙሩማ በሰንሰለቱ እንደ ታሰረ ሞተ። ግን እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ከትልቁ መንጋም ቢሆን አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ አይጠፋም።»

«ታዲያ ዳሱን አንጣል ነው የምትለው?» አለ አያ በሬ።

«ዳሱንማ ጣሉ። የምለው፣ ሲመጣ ስለ እሱ ለራሱ አትንገሩት፤ ስለ እናንተ ንገሩት። የመጀመሪያው እረኛ የሳተው በትዕቢቱ ብቻ ነው? ዙሪያውን የከበቡት ሁሉ ‹አገሩ ተስማምቷል› ይሉት ነበር፤ እሱም አመነ።»

እመት ጦጢት «የአያ ኤሊ አስተያየት ተመዝግቧል» አለች። አልመዘገበችም።

ኤሊ ስም መጥራት አይወድም፤ እኔ ልጥራ። የመጀመሪያው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በየካቲት 1618 ዓ.ም. ደንቀዝ ላይ ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ ማሉ፤ በ1624 ዓ.ም. ከወይና ደጋው እልቂት በኋላ የጥንቱን ሃይማኖት መልሰው ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሁለተኛው ኢጣልያዊው ዩስቲኖ ዴ ያቆቢስ፣ በአገሩ አጠራር አቡነ ያዕቆብ ነው። በ1832 ዓ.ም. አድዋ ገባ፤ በግእዝ ሥርዓት ቀደሰ፤ በ1846 ጎንደር ላይ ታሰረ። በሰንሰለት የሞተው የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነው፤ በ1847። ሮም ያቆቢስን በጥቅምት 1968 ዓ.ም. ቅዱስ ብላ ሰየመችው። ስለ ሜንዴዝ ሲነገር ሁሉም በእሱ ላይ ይፈርዳል፤ እኔም እፈርዳለሁ። ነገር ግን ኤሊ እንዳለው፣ ቤተ መንግሥቱን ሞልተው «ሁሉም ደህና ነው» ሲሉት የነበሩት መኳንንት ስማቸው በዚህ ረገድ አለመነሣቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ወደ ጉና እንመለስ።

አባ ዳማ በደብረ ታቦር በኩል ሲመጣ ዳሱ ተጥሏል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ሁሉም እንዶድ እንዶድ ይሸታል። ጅግሮቹ ከፊት ተሰልፈው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። እመት በጊት መንጋዋን ይዛ በቤተልሔም ጀመረች፤ አያ በሬ የሱ ተራ እስኪደርስ በትዕግሥት ሰኮናውን ይደበድባል። እልልታው ቀለጠ። አባ ዳማን መርገፍ ያለው ግላስ አለበሱት፤ ከበታቹ ሐር፣ ከዳሩ የወርቅ ክር። ደስ ያለው አይመስልም፤ ያልተቀበለ እንዳይመስልም ጀርባውን ሰጠ።

ከትልቁ መንጋም ጎረቤቶች መጥተዋል። ይህ የአገሩ ወግ ነው። የማን መንጋ መሆኑ ሌላ ነገር፤ ድግስ ከተደገሰ ጎረቤት ይጠራል፣ የተጠራም ይመጣል። ሁለት ሽማግሌ ፈረሶች ከፊት ተቀምጠው ነበር። አንዱ ወደ ሌላው ጎንበስ ብሎ «አሁን አባትህ ማነው ብንለው ምን ይላል?» አለና ሁለቱም ጥርሳቸውን አሳዩ። አገር የሚያውቀው ነገር ነው፤ በቅሎ አባትህ ማነው ሲባል እናቴ ፈረስ ናት ነው መልሱ።

አባ ዳማ ውሃ ቀረበለት። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ቆም አለ። «ይህ የምንጭ ውሃ አይደለም» አለ። «ከቆላ ወንዝ የመጣ ነው፤ አሸዋ አሸዋ ይላል። እዚህ ዳገት ላይ ማን አወጣው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኮሚቴው ነው» አለች እመት ጦጢት።

አባ ዳማ የኮሚቴውን ሰኮናና ጥፍር አየ። ምንም አላለም። ገብስ ቀረበ፤ ምሰሶውን አየ፤ የተቀመጠበትን ጨርቅ አሸተተ። በአዲሱ ልብስ ሥር ያለው ሽታ እሱ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነው። አሁንም ምንም አላለም።

ከዚያ እመት ጦጢት የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ልታነብ ተነሣች። ረጅም ነው፤ ሁሉን አልጽፈውም። ስለ መንጋዋ አንድነት፣ ስለ ሰላሟ፣ ስለ ጤንነቷ፣ እንከን እንደሌላት ይናገራል። መጨረሻው ላይ የእንግዳው የትውልድ ሐረግ አለ። «አባ ዳማ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ከታላቁ የፈረስ ዘር፣ ከስመ ጥሩዋ ባዝራ የተወለዱ፣ አያታቸው በነጋሪት የታወቁ…»

የጋይንት በጎች «ባዝራዋ የጋይንት ናት» ተባባሉ። የእስቴ በሬዎች «የእስቴ ናት እንጂ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ፈረሶች ጆሯቸውን አቆሙ።

አባ ዳማ ለመልስ ተነሣ። ጽሑፍ አልያዘም።

«ለተደረገልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «የተነበበው እውነት ነው፤ እናቴ ፈረስ ናት። ያሳደገችኝ፣ ዜማ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የጎረቤቶቻችንን ዜማ ስሰማ ባዳነት የማይሰማኝ ለዚህ ነው። የቀረውን ግን ጸሐፊዋ ዘላዋለች። አባቴ አህያ ነው።»

ዳሱ ጸጥ አለ። አንዱ ፈረስ ሊስቅ ከፍቶት የነበረውን አፉን ለማዛጋት አዋለው። እመት ጦጢት ወረቀቷን አገላብጣ ከጀርባው ሌላ ነገር የተጻፈ እንዳለ ፈለገች።

ከጎተራው ጀርባ አንዲት አህያ አናፋች። ሳታስበው ነው፤ አምልጧት ነው። የአህያ ማናፋት ደግሞ አንዴ ከጀመረ መካከል ላይ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ እስከ መጨረሻው ቆሞ አዳመጠ።

«ከጎተራው ጀርባ ማነው?» አለ አባ ዳማ።

«ማንም» አለ አያ በሬ። ወዲያው አፈረ፤ በሬ መዋሸት አይሆንለትም። «አህዮች ናቸው። ጀርባቸው ስለ ቆሰለ ነው ያላቀረብናቸው። ለክብርዎ ብለን ነው።»

አባ ዳማ ከዳሱ ወጣና በጎተራው ዞረ። አስተናጋጆቹ ተከተሉት፤ ከግላሱ ዳር እየያዙ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ጭቃ አለ ይሉታል። እመት አህዪት ከግድግዳው ተጠግታ ቆማ ነበር። ቁስሉን አየ፣ አሸተተ። የጭነት ልጅ ነውና ሰበቡን ለማወቅ ጠያቂ አላስፈለገውም። ገጣባው ያለው ዳውላው በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ከሥር የሚደለደል ነገር ሲጠፋ ነው።

«ድልድሉ የት ሄደ?»

የመለሰለት የለም። ሁሉም ግን በአንድነት ወደ ዳሱ፣ ወደ እንግዶቹ መቀመጫ አየ። ፈረሶቹ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ተራኪ ቢሆን መንጋው ሁሉ አለቀሰ ይል ነበር። አላለቀሰም። እመት በጊት ተቆጣች። «እኛ ለእንግዳ ክብር ለፍተን፣ ጾመን፣ ተዋጥተን፣ ዛሬ በጎረቤት ፊት እንዲህ እንዋረድ?» አለች። እመት ፍየል «መጀመሪያስ ጨርቁን ውሰዱ ያለችው ማን ነበረች?» ብላ በነገር ወጋቻት። የቤተልሔምና የቆማ ጠብ ለጥቂት ጊዜ ተረስቶ፣ የብርድ ልብሱ ጠብ ተተካ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ አባ ዳማን መናገር የፈራው ሁሉ በእመት ጦጢት ላይ ጮኸ። እሷም «እኔ የተወሰነውን ነው የጻፍኩት» አለች፤ ይህ የጸሐፊ ሁሉ መልስ ነው።

በዚህ ግርግር ውስጥ ከጅግሮቹ አንዷ ጮኸች። ክንፏን እንድታርገበግብ ብቻ ታዝዛ የነበረችው ናት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ከዚያ ሁሉም ተቀበሏት። እመት በጊት «አሁን ደግሞ እነዚህ!» ስትል አባ ዳማ ጆሮውን አቁሞ «ምን እያሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከመንጋው መካከል የሚያውቅ ጠፋ። የአንገቷ ርዝመት ከዳሱ ውጭ ያስቀራት የባቲዋ ግመል ግን እሷም ውጭ፣ እነሱም ውጭ ሲውሉ ትንሽ ትንሽ ለምዳዋለች።

«ነብር ነው የሚሉት» አለች። «ከጓሳው በኩል። ባለፈው ክረምትም ብለው ነበር፤ ሦስት ጠቦት የተወሰደ ለት።»

በሬዎቹ ቀንዳቸውን ወደ ጓሳው አዙረው ቆሙ። አንድ ነገር በሣሩ ውስጥ ተንቀሳቀሰና ወደ ላይ ራቀ። እመት በጊት ከሦስቱ ጠቦቶች የአንዱ እናት ናት። ጅግሮቹ ባለፈው ክረምት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ «ዝም በሉ፣ እንቅልፍ ነሣችሁን» ብላ ድንጋይ ያስወረወረችውም እሷ ናት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ብርድ ልብሱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከጅግሮቹ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ግን የሷን ቋንቋ እነሱ አያውቁም፣ የነሱን እሷ አታውቅም፤ ሁለቱም ወገን እንዲሁ ቆሞ ቀረ። ግመሏ ለማስተርጎም ብትጠጋም የምታስተረጉመው ነገር የሚሰጣት አላገኘች።

አባ ዳማ መቀመጫዎቹ ይፈቱ አለ። ጨርቁ ወደ አህዮቹ ጀርባ ተመለሰ። ይህን ለማድረግ እስከ ማታ ፈጀ፤ ምክንያቱም እመት ጦጢት የትኛው ጨርቅ የየትኛዋ አህያ እንደሆነ አልመዘገበችም። ስለ ዜማው ሲጠየቅ «ጋይንት ስሄድ በቤተልሔም፣ እስቴ ስሄድ በቆማ» አለ። በለስ ሲወርድስ በምን እንደሚሆን አያ በሬ ጠየቀው። «እዚያ ስደርስ እነሱ ይነግሩኛል፤ ከግመሏ ጋር ነው የምሄደው» አለ። አያ በሬ መልሱ አልጣመውም። እስቴ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲያጉረመርም ኖሯል፤ ዛሬም ያጉረመርማል የሚሉ አሉ።

ጎረቤቶቹ ሊሄዱ ሲነሡ ታናሹ ፈረስ ወደ አባ ዳማ ተጠጋ። «አባትህን መጥራትህ ደፋር ያሰኝሃል» አለው። «እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይነገርም።»

«እናንተስ ዘንድ አህዮቹ የት ናቸው?» አለው አባ ዳማ።

ፈረሱ ደህና እደር ብሎ ሄደ።

ሲመሽ አባ ዳማ እመት አህዪት ዘንድ ተመለሰ። ቁስሏ ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ ነበር። አመሰገነችው ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ አህያን አታውቋትም።

«አባ ዳማ» አለች፣ «አባቴ አህያ ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። ደግ አደረጉ። ግን ‹የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም› ይባላል፤ የአህያ ልጅ ያስጥል እንደሆነ እኔ አላውቅም። እርስዎ ሸገር ሆነው ሰው ተሸክመዋል፣ እኛ እዚህ ሆነን ዳውላ። ነገ አርብ ነው። ማሽላው ከስማዳ ቆላ ተጭኖ አርብ ገበያ መድረስ አለበት። ጀርባዬን አስጠገኑልኝ እንጂ ጭነቱን አልቀነሱልኝም።»

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትጫኑት?»

«አሥራ ሁለት። አምስታችን ገጣባ ነን።»

«የምትነሡትስ?»

«ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ ሳይወጣ ዳገቱን ካልጨረስነው አይሆንም።»

አባ ዳማ እመት ጦጢትን አስጠራና የነገውን መርሐ ግብር ጠየቃት። ወረቀቷን ዘርግታ አነበበች። በሁለት ሰዓት የምስጋና መዝሙር በቆማ፣ በአራት ሰዓት የምስጋና መዝሙር በቤተልሔም፣ በስድስት ሰዓት ከኮሚቴው ጋር ምሳ፣ ከሰዓት በኋላ የኮሚቴው የሥራ ሪፖርት።

«ወደ ቅዳሜ አዙሪው» አለ። «ይህንንም ግላስ አውልቁልኝ፤ ዳውላ ያንሸራትታል።»

እመት ጦጢት አርብን ሰርዛ ቅዳሜ ብላ ጻፈች። «ምክንያት» ከሚለው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ግን ምን ብላ እንደምትሞላው ጠፍቷት እርሳሷን ትነክስ ጀመር።